ከሎሚ እስከ ክኒን

ጉንፋን የያዘው ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር ይለዋል፤ ሌላው ጤና አዳም፣ ሌላው ደግሞ ዝንጅብል በሻይ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ሎሚ ነው። ሕመምተኛው ወደ ፋርማሲ ጎራ ያለ እንደሆነም ያው ሎሚ መልኩን ለውጦ፣ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ክኒን ሆኖ ይጠብቀዋል። ስሙ ቫይታሚን ሲ ነው። ጎረምሳው ጉልበት እንዲሰጠው፣ ወይዘሮዋ ፊቷን እንዲያጠራላት፣ አዛውንቱ ጉንፋን እንዳይደፍራቸው ይገዙታል። ሐኪም ያዘዘው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው ከሰው ሰምቶ ነው የሚወስደው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ማግስት የሎሚ፣ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ዋጋ ሰማይ መንካቱን የሚረሳ የለም። ያን ሰሞን ሎሚ ገዝቶ የገባ ሰው ጋሻ የያዘ ያህል ተሰምቶት ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወጣ ብሎም በኩታበር የሚኖር፣ ከወር ደመወዙ ወይም ከእህሉ ሽያጭ ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ሰው ይህን ክኒን ቢገዛ ይጠቀማል ወይስ ገንዘቡን ያባክናል? መልሱን ከማስታወቂያ ይልቅ ከታሪክ መፈለግ ይሻላል። ይህ ንጥረ ነገር ታሪኩ ረጅም ነውና፤ ሰው አንዴ ያገኘውን መድኃኒት እንዴት መልሶ እንደሚያጣም የሚያስተምር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ላይ ነው። የአውሮፓ መርከቦች ውቅያኖስ ማቋረጥ ከጀመሩበት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንስቶ መርከበኞችን ከመድፍና ከማዕበል ይልቅ የጨረሳቸው ስከርቪ የሚባል በሽታ ነበር። ወራት ሙሉ ደረቅ ብስኩትና ጨው የበዛበት ሥጋ ብቻ የበላ ሰው መጀመሪያ ሰውነቱ ይዝላል፤ ቀጥሎ ድዱ አብጦ ይደማል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ቆዳው ሳይመታ ይበልዛል፣ መገጣጠሚያው ይቆረጥመዋል፤ ከዓመታት በፊት የዳነ ቁስል እንኳ ተመልሶ ይከፈታል። ከዚያም ይሞታል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 1747፣ በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር በሚገዙበት ዘመን፣ ጄምስ ሊንድ የሚባል ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም ሳልዝበሪ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ስከርቪ የያዛቸውን 12 መርከበኞች መረጠ። ሁሉንም በአንድ ቦታ አስተኝቶ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየሰጠ፣ ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ቡድን ከፈላቸው። አንዱን ጥንድ የፖም ጠጅ፣ ሌላውን ሆምጣጤ፣ ሌላውን የባሕር ውኃ አጠጣ፤ ለሌሎቹም አሲድ ጠብ ያለበት ውኃና ከነጭ ሽንኩርትና ከሰናፍጭ የተቀመመ ለውስ ሰጠ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዕድለኞች በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ደረሳቸው። በስድስተኛው ቀን ፍሬው አለቀ። ሆኖም ከሁለቱ አንዱ ወደ ሥራው ለመመለስ በቅቶ ነበር፤ ሁለተኛውም የቀሩትን ሕመምተኞች ለማስታመም ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም። ሊንድ መጽሐፉን ያሳተመው በ1753 ነው፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ በመርከቦቹ ሁሉ እንዲታደል ያዘዘው ግን በ1795፣ ሊንድ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። ለመዘግየቱ ሊንድ ራሱም አስተዋጽኦ ነበረው። ጭማቂው በመርከብ እንዳይበላሽ ብሎ በእሳት አትንኖ ማወፈርን መከረ፤ እሳቱ ደግሞ የመድኃኒቱን ኃይል ይገድለው ነበር። ያን የወፈረ ጭማቂ የሞከሩት ሐኪሞች ጥቅም ስላላዩበት ሎሚውንም አብረው ጠረጠሩት።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሁለተኛው ጥፋት ነው። ስከርቪ ከባሕር ኃይሉ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከጠፋ በኋላ፣ በ1860ዎቹ እንግሊዞች ከሜዲትራንያን ያስመጡት የነበረውን ትልቁን ቢጫ ሎሚ ትተው ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶቻቸው በሚመጣው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ ተኩት። የአገር ምርት ነው፤ ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ይኮመጥጣል። መድኃኒቱ ኮምጣጣነቱ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ለውጡ ማሻሻያ መሰላቸው። በ1867 የወጣ ሕግ የንግድ መርከቦችም ይህን ጭማቂ እንዲይዙ አስገደደ። ዓመቱን የወሎ ሰው ልብ ይለዋል። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ወደብ ላይ መራገፍ የጀመረው ያን ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ያ ጦር በዋድላና በደላንታ አልፎ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላን ያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዐረፉ። ዛሬ ከደሴ ተነስቶ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚጓዝ ሰው የሚያመራው ወደዚያው አገር ነው። አንበጣ የሚያህል ሠራዊት ከነዝሆኑ ወደ ደጋችን ያወጣ መንግሥት በዚያው ሰዓት የመርከበኞቹን መድኃኒት ሳያውቀው ከእጁ እየጣለ ነበር ማለት ነው።

ጥፋቱ ወዲያው አልታየም። እንፋሎት መርከቦችን አፍጥኖ ስለነበር መርከበኛ ሳይታመም ወደብ ይደርሳል፤ ትኩስ አትክልትም ያገኛል። የታየው በ1875 እና 1876 ወደ ሰሜን ዋልታ የሄደው የካፒቴን ኔርስ ጓድ ጭማቂውን ይዞ ሳለ በስከርቪ ሲመታ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች «እንግዲያው ሎሚ መድኃኒት አይደለም፤ በሽታው የሚመጣው ከተበላሸ ሥጋ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ዞሩ። መቶ ዓመት የተደከመበት ዕውቀት በስም መመሳሰል ጠፋ።

የዚህን ስሕተት ምክንያት በ1918 የለየችው በለንደኑ ሊስተር ተቋም ትሠራ የነበረችው ሃሪየት ቺክ ከባልደረቦቿ ጋር ነበረች። በሙከራዋ ትኩሱ የትንሹ ሎሚ ጭማቂ የትልቁን ሎሚ ሩብ ያህል ኃይል ብቻ እንዳለው፣ በበርሜል የከረመው ደግሞ ከምንም እንደማይቆጠር አሳየች። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። እኛ አገር ከገበያ የምንገዛው፣ ቆዳው ስስ፣ ክብና ኮምጣጣ የሆነው ሎሚ በአብዛኛው የዚያ የትንሹ ሎሚ ወገን ነው። ትኩስ ተጨምቆ ወዲያው ቢጠጣ ጥቅም አለው። በፈላ ሻይ ሲጨመር ወይም በጠርሙስ ተጨምቆ ሲከርም ግን ኃይሉ እየሳሳ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. በውድ ዋጋ የገዛነውን ሎሚ ስንቶቻችን አፍልተን እንደጠጣነው ራሳችንን እንጠይቅ።

በዚያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የታየ ሌላ ነገርም ለእኛ ቅርብ ነው። በሜሶጶጣሚያ ኩት በተባለች ከተማ ከታኅሣሥ 1915 እስከ ሚያዝያ 1916 በቱርኮች ከተከበበው የእንግሊዝ ጦር መካከል እንግሊዛውያኑ የፈረስ ሥጋ በሉ፤ ብዙዎቹ ሕንዳውያን ወታደሮች ግን አንበላም ስላሉ በስከርቪ ክፉኛ ተጎዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዊልትሻየር የተባለ ሐኪም በሰርቢያ ወታደሮች ላይ ባደረገው ሙከራ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የበቀለ ባቄላ ከሎሚ ጭማቂ የማያንስ ፈውስ እንዳለው አገኘ። ደረቅ ባቄላ ቫይታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል፤ በቅሎ ጎንቆል ሲያወጣ ግን ራሱ ይሠራዋል። የእኛ እናቶች በቆልት የሚሉት ይህንኑ ነው። የበቆልት ንፍሮ ለጾም ሲቀርብ ማንም መድኃኒት በላሁ አይልም። በመቀቀሉ ከፊሉ ቢጠፋም በቅጡ ብቻ ለብ ተደርጎ የወጣ በቆልት የቀረለት አያንስም።

ንጥረ ነገሩ ራሱ እስከዚያ ድረስ አልታወቀም ነበር። ሆልስትና ፍሮሊሽ የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት በ1907 ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ እህል ብቻ ሲያበሏት እንደ ሰው በስከርቪ መታመሟን አሳይተው ነበር። ምርጫው የአጋጣሚ ዕድል ነው። በግ፣ ፍየል፣ ውሻና አህያ ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ውስጥ ይሠሩታል፤ ሰው፣ ዝንጀሮና ጊኒ ፒግ ግን አይችሉም። የኩታበር ፍየል ደረቅ ሣር ስትነጭ ብትከርም ስከርቪ አይነካትም፤ ጌታዋ ግን ደረቅ እንጀራ ብቻ ቢበላ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታመማል።

ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጂዮርጂ በ1928 አንድ የማይታወቅ ነገር ከእንስሳ ዕጢና ከአትክልት አወጣ። ምንነቱ ስላልገባው «አላውቅም» የሚል ትርጉም ያለው የቀልድ ስም አወጣለት፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ አልቀበልም ሲለው «እግዜር ይወቀው» ወደሚል ለወጠው። እሱም አልተፈቀደለትም። በ1932 ግን ያ ነገር ስከርቪን የሚከላከለው ቫይታሚን ሲ መሆኑ ታወቀ፤ ስሙም አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ፀረ ስከርቪ አሲድ ተባለ። የቀረው ችግር ለምርምር የሚበቃ መጠን ማግኘት ነበር። ሴንት ጂዮርጂ እንደተናገረው አንድ ማታ ሚስቱ ለራት ያቀረበችለትን ቃሪያ መብላት ስላላሰኘው ወደ ላቦራቶሪው ይዞት ሄደ፤ እኩለ ሌሊት ሳይሆንም ቃሪያው የዚህ ቫይታሚን ጎተራ መሆኑን አወቀ። የሚኖርባት የሴጌድ ከተማ የቃሪያ አገር ነበረችና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኪሎ በኪሎ አወጣው። በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ የክኒኑ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በ1933 ታዴዎስ ራይክስታይን በስዊዘርላንድ ቫይታሚን ሲን ከስኳር መሥራት ቻለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሮሽ የተባለው ኩባንያ ሬዶክሶን በሚል ስም ለገበያ አወጣው። ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው መጠን ግን ትንሽ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዟ የሼፊልድ ከተማ በፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት በቀን 10 ሚሊግራም ስከርቪን ለመከላከልም ለማዳንም በቃ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 45 ሚሊግራም ይመክራል፤ አሜሪካኖች ለወንድ 90፣ ለሴት 75 ይላሉ። በፋርማሲ የሚሸጡት ብዙዎቹ ክኒኖች ግን 500 ወይም 1000 ሚሊግራም ናቸው።

ይህ ሁሉ ብዛት ከየት መጣ? ዋናው ምክንያት ላይነስ ፖውሊንግ የተባለ ታላቅ ኬሚስት ነው። ሁለት የኖቤል ሽልማቶችን ለብቻው የተቀበለ ሰው በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ቫይታሚን ሲ የሚወስድ ሰው ከጉንፋን ይድናል ብሎ ጻፈ፤ በኋላም ለካንሰር ይረዳል አለ። ሊቅ ሲናገር ማን ይጠራጠራል? ዓለም ክኒኑን ይገዛ ጀመር። ይሁን እንጂ ማዮ ክሊኒክ በ1979 እና በ1985 ያሳተማቸው ሙከራዎች በአፍ የሚወሰደው ክኒን ለካንሰር ጥቅም እንዳልሰጠ አሳዩ። ስለ ጉንፋንም በ2013 ብዙ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ክኒኑን በየቀኑ የሚወስድ ተራ ሰው ከማይወስደው ባልተናነሰ ጉንፋን ይይዘዋል። የሕመሙ ዕድሜ ግን በአዋቂ 8 በመቶ፣ በልጅ 14 በመቶ ያህል ያጥራል። አንድ ሳምንት የሚቆይ ጉንፋን በአዋቂ ላይ ግማሽ ቀን ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ለወሰደ ሰው። ከታመሙ በኋላ ለሚጀምሩት ግን አስተማማኝ ጥቅም አልታየም። በእርግጥ የተጠቀሙት የማራቶን ሯጮች፣ የበረዶ ተንሸራታቾችና በብርድ አገር የሚለማመዱ ወታደሮች ነበሩ፤ የነሱ ጉንፋን በግማሽ ቀነሰ። ለኮሮናም በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በቀን 8000 ሚሊግራም የወሰዱ ሕመምተኞች ካልወሰዱት ቀድመው እንዳላገገሙ ገለጸ።

የሰውነት አሠራርም ይህንኑ ይመሰክራል። በቀን 200 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ደሙ ሞልቷል፤ ከ1000 በላይ ሲሆን አንጀት ግማሹን እንኳ አይቀበለውም፤ የገባው ትርፍም በሽንት ይወጣል። ከ2000 ሚሊግራም በላይ የወሰደ ሰው ተቅማጥና ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። በስዊድን ወንዶች ላይ የተደረገና በ2013 የታተመ ጥናትም ክኒኑን የሚወስዱት በኩላሊት ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። «መድኃኒት ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

ታዲያ ክኒኑ ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ከንቱ የሚሆነው ለሞላለት ሰው ነው። ላጣው ሰው ግን ሕይወት ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ ወደ እንግሊዝ መርከቦች መሄድ አያስፈልግም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ መላው ዓለም ያየው ነው። የእርዳታ ራሽን ማለት ስንዴ፣ ዘይትና የዱቄት ወተት ነበር። ሆድ ይይዛል፤ ነፍስ ያቆያል፤ ቫይታሚን ሲ ግን ከሦስቱ በአንዱም የለም። የመርከበኛው ብስኩትና የስደተኛው ስንዴ በዚህ በኩል አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን በነበሩ የኢትዮጵያ ስደተኞች መጠለያዎች ስከርቪ በተደጋጋሚ ተነሣ፤ በ1989 ደግሞ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐርትሼክ በሰፈሩ የሶማሊያ ስደተኞች ላይ ታየ። በመጠለያ ብዙ የቆየ ይበልጥ ተጠቃ፤ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶችና አረጋውያንም ቀድመው ተጎዱ። ሰው ከረሃብ ተርፎ፣ በጸጥታ ሥፍራ፣ እየበላ ሳለ በዚህ በሽታ መታመሙ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሆነ ነገር ነው።

ያኔ ክኒን ታደለ። ሆኖም በየሳምንቱ ለብዙ ሺህ ሰው ማዳረሱ አስቸጋሪ ነበር፤ ሕመም የማይሰማው ሰውም ክኒኑን ወስዶ አይቀጥልም። የተሻለው መንገድ ስደተኛው ከራሽኑ ጥቂቱን ሸጦ በአካባቢው ገበያ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ እንዲገዛ መተው ወይም ትኩስ አትክልት ማምጣት ሆኖ ተገኘ። እህሉን የሚሸጥ ስደተኛ «ጠግቧል» ተብሎ ሲወቀስ የኖረው ግን በዚሁ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ኩታበር እንመለስ። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ያበቅላል። እነዚህ ደርቀው በጎተራ ሲገቡ ቫይታሚን ሲ የላቸውም። ክፍተቱን የሚሞላው ከጓሮና ከገበያ የሚመጣው ነው። ጎመን አለ፤ ግን ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ከቫይታሚኑ ብዙው አብሮ ይደፋል። ድንች አለ። ድንችን ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል። በሰሜን አውሮፓ ስከርቪን ከገበሬው ቤት ያስወጣው ይኸው ድንች ነበር፤ በ1840ዎቹ በአየርላንድ የድንች በሽታ ሲገባ ስከርቪም ተመልሶ መጥቷል። ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ያለውን ይበልጥ ይዞ ይቆያል። ወረድ ሲባል ደግሞ ከሐይቅ እስከ መርሳ ባለው አገር ፓፓያና ማንጎ ይገኛል፤ ዘይቱን በተገኘበት ደግሞ ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሁሉም አውራ ግን ርካሹ ቃሪያ ነው። 100 ግራም ጥሬ ቃሪያ ከ100 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ከእንጀራ ጋር የቆረጠመ ሰው የዕለት ድርሻውን አገኘ። ደርቆና ተቆልቶ በርበሬ ሲሆን ግን ይህን ኃይሉን በአብዛኛው ያጣል።

ቃሪያውና ሎሚው ሌላም ሥራ አላቸው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ቫይታሚን ሲ በዚያው ማዕድ ላይ ሲገኝ ግን መንገድ ይከፍትለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100 ሴቶች 24ቱ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 57ቱ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ሽሮውን የምትበላ እርጉዝ ሴት ቃሪያ ብትጨምርበት፣ ቡናውንና ሻዩን ደግሞ ከምግቡ ጥቂት ብታርቅ፣ ማታ ለብቻው ከሚዋጥ ክኒን ይልቅ ትጠቀማለች።

ውሳኔው እንግዲህ ከዚህ ይወጣል። ቃሪያ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቲማቲም ወይም ፍራፍሬ በየዕለቱ የሚያገኝ ጤነኛ ሰው ክኒኑን መግዛት አያስፈልገውም፤ በዚያ ገንዘብ የገበያ ዘንቢሉን ይሙላበት። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጥርስ አጥተው ዳቦ በሻይ ነክረው የሚያድሩ አዛውንት፣ በመጠጥ የተያዘና ምግብ የተወ ሰው፣ በእስር ቤትና በመጠለያ በደረቅ ራሽን የሚኖር፣ አንጀቱ ምግብ የማይቀበል ሕመምተኛ ግን ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ለእነሱም ትንሹ መጠን ይበቃል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ከሌላው በ35 ሚሊግራም ያህል ይበልጥ ያስፈልገዋል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ድዱ የሚደማ ሰውም ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ክኒን ገዝቶ ከመቀመጥ ይልቅ ይመርመር።

እንግሊዞች መድኃኒቱን ያጡት ስሙን ይዘው መጠኑን ሳይለኩ በመቅረታቸው ነው፤ «ሎሚ ከሆነ ሎሚ ነው» አሉ። ዛሬ እኛም «ቫይታሚን ከሆነ ጥሩ ነው» ስንል በዚያው መንገድ ላይ ነን። ክኒኑን ለሚገዛው ቀርቶ ለሚያከፋፍለውም የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያህል ይዟል?» ሳይሆን «ይህ ሰው ትናንት ምን በላ?» የሚለው ነው።